በሁዳዴ የተጠየቀ የሠርግ ዘፈን

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሙዚቃ ለመማር የተፈተንኩት ሦስት መምህራን ፊት ቆሜ በመዝፈን ነው። ስጨርስ ሁለቱ አቀርቅረው ወረቀታቸውን አዩ። ሦስተኛው ደግ ሰው ነበርና “ጆሮሽ በጣም ጥሩ ነው” አለኝ። ድምፄን ሰምተው ጆሮዬን ሲያመሰግኑ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እንዲያም ሆኖ አልጣሉኝም፤ ጓደኞቼ ዘፈን፣ ማሲንቆና ክራር ሲመርጡ እኔ ሙዚቃ ቴክኖሎጂ ተመደብኩ። ሌላው ሲዘፍን ማይክ መትከል፣ መቅረጽ፣ የተቀረጸውን ማጥራትና ማደባለቅ ነው ሥራው። መጀመሪያ ከፋኝ፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ግን ብትገድሉኝ አልለቅም አልኩ።

አገሬ ደባርቅ ላይ ይህን ማስረዳት ነበር አበሳው። “ምን ትማሪያለሽ?” ሲሉኝ “ሙዚቃ” ካልኩ፣ “አበስኩ ገበርኩ! አዝማሪ ልትሆኚ?” ይሉኛል። “ቴክኖሎጂ” ካልኩ ደግሞ የተበላሸ ሬዲዮ ታቅፈው ይመጣሉ። አንድ ጊዜ የአንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ባትሪው ተገልብጦ ገብቶ ኖሮ አስተካክዬ ባስገባው ሠራ። ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሳቸው! ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር እናቴ ቤት በር ላይ ሬዲዮ የያዘ ሰው ይጠብቀኝ ነበር።

ነገሬ የሚገባት አንድ ሰው ብትኖር የአባቴ እህት ነበረች። አክስቴ ከደባርቅ ወደ ዳባት ሲወርዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች መንደር ነው የምትኖረው። በአገራችን ወግ ፊት ለፊት “እትዬ” እና “አንቱ” ነው የምላት። በልቤ ግን ሁልጊዜ “እሷ” ናት፤ እዚህም እንደዚያው ስለምጽፍ ይቅር ትበለኝ። በዚያ አካባቢ ሠርግ ካለ ዘፈን አውጪዋ እሷ ናት። እሷ ግጥሙን ከነዜማው ታወጣለች፣ ሌሎቹ ሴቶች ከበሮ እየመቱ ይቀበሏታል። ስለ ድምፅዋ ብዙ አላሳምርም። ከላይ ሠፈር ስትጀምር ታች ወንዝ ልብስ የሚያጥቡት ይቀበሏት ነበር፤ ይኸው ነው።

እንግዲህ የመመረቂያ ሥራ ምረጡ ስንባል እጄን ቀድሜ ያወጣሁት በሷ ተማምኜ ነው። “የሀገሬን የሠርግ ዘፈን እቀርጻለሁ፤ አውጪዋን በአንድ ማይክ፣ ተቀባዮቹን በሌላ፣ ከበሮውን ለብቻው” አልኩ። መምህሬ ወደደልኝ። ዕቅድ አዘጋጂ አለኝ፣ በሰንጠረዥ አሳምሬ አዘጋጀሁ። መስክ ወጥቼ የምቀርጽበትን ጊዜ መጋቢት ብዬ ጻፍኩ፣ እሱም ፈረመበት። መቅረጫውንና ሦስቱን ማይኮች ተረክቤ ተሳፈርኩ።

አሁን ይህን የሚያነብ የአገሬ ሰው በሳቅ እየፈረሰ ነው። መጋቢት! በሁዳዴ!

ጾሙንማ ረስቼው አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲው ካፌ ስሰለፍ በጾመኞች ሰልፍ ነበር የምቆመው። ግን በሆዴ አስታውሼ በጆሮዬ ረሳሁት። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ እንኳ ተሰቅሎ፣ ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ በሚያዜሙበት ወር፣ እኔ የካህናት አገር ልጅ የሠርግ ዘፈን ፍለጋ ደባርቅ መናኸሪያ ወረድኩ። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ።

እናቴ ነገሩን ስነግራት “ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!” ብላ በሳቅ ሞተች። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። “ምን ቸገረኝ፣ መምህሬን ለምኜ ከፋሲካ በኋላ እቀርጻለሁ” ስላት ግን ሳቋ ጠፋ።

“አክስትሽ እስከዚያ…” አለችና ተወችው። ኋላ ነገረችኝ። የአክስቴ እንቅርት ከኔ መሄድ ወዲህ አድጎ ትንፋሽ ከልክሏት ጎንደር ሐኪም ዘንድ ሄዳለች። በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት ተብሎ ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በፊት ቀጠሮ ተሰጥቷታል። ሐኪሙ አልደበቃትም፤ እንቅርቱ ድምፅ ከሚያወጣው ጅማት ጋር ስለተጣበቀ ድምፅሽ ሊጎዳ ይችላል፣ ላይጎዳም ይችላል ብሏታል።

በማግስቱ ማይኬን ተሸክሜ መንደሯ ሄድኩ። አንገቷ ላይ ነጠላዋን ጠምጥማ ነበር። ስማ ስትለቀኝ ጉዳዬን አወጣሁት።

“እትዬ፣ ይዝፈኑልኝ።”

“በሁዳዴ?”

“በር ዘግተን፣ ቀስ ብለን፣ ድምፅ ሳይወጣ።”

“ድምፅ ሳይወጣ የሚዘፈን ዘፈን ነው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩሽ?” አለችና ሳቀች። “በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አሉ፤ እንቅርቱ የኔ፣ ጆሮ ደግፉ አንቺ!”

በሦስት ቀን ውስጥ በሁሉም በኩል ሞከርኳት። ለመንኩ፣ አኮረፍኩ፣ እራት አልበላም አልኩ። እሷ ደግሞ “ጾም ነው፣ ይጠቅምሻል” አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄድኩ። በሁዳዴ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው፤ ከደጀ ሰላሙ ጥግ ቆሜ ጠበቅኳቸው። “ይፍቱኝ አባ” ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩና የሐኪሙን ነገር፣ የቀጠሮውን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩት።

“ዘፈን በጾም አይሆንም” አሉ።

“አውቃለሁ አባ።”

“ለታመመ ሰው ግን መብሉም ይፈቀድለታል። ለጨዋታ ሳይሆን ለማስቀመጥ ከሆነ፣ ከበሮ ሳይመታ፣ እልል ሳይባል፣ አንድ ጊዜ ትበለው። ኃጢአት ከሆነም በኔ ይሁን።”

መንገዱን በሩጫ ነው የተመለስኩት። “አባ ፈቀዱ!” ብዬ ከደጅ እየጮኽኩ ገባሁ። አክስቴ ባና የሚባለው ብርድ ልብስ የሚሠራበትን የበግ ጠጉር እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን ያዝ አድርጋ “ምን ፈቀዱ?” አለች። ደስ የሚላት መስሎኝ ከነጭማሪው ነገርኳት።

“ማን ላከሽ?” አለችኝ። እንደዚያ ዓይኗ ቀልቶ አይቻት አላውቅም። “እኔ ፈቃድ አምጪልኝ አልኩሽ? አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። ለዳግማይ ትንሣኤ የጎረቤቴ ልጅ ትዳራለች፤ አውጪዋ እኔ ነኝ፤ ለናቷ ቃል ሰጥቻታለሁ። ያንን ይዤ ነው ከሐኪሙ ቢላ ሥር የምተኛው። ዛሬ ላንቺ ሁሉን ዘፍኜ ከጨረስኩ፣ ለምን ብዬ ነው የምነሳው? የቁም ተዝካሬን ልታወጪ ነው የመጣሽው?”

እዚህ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። እኔ ግን አፌ መጥፎ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲመከር ያልታረመ አፍ ነው።

“ድምፅዎ ቢጠፋስ? ዘፈኑ አብሮ ይጥፋ? እኔስ ምን ይዤ ልመረቅ?” አልኳት።

የመጨረሻዋ ሳላስብ አመለጠችኝ። የአክስቴ ቁጣ በረደ። “አሃ” አለች። “እንግዲህ ከመጀመሪያው እሱን በይ።” እንዝርቷን አሾረችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ወጥቼ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። በሷ ተናደድኩ፣ በሐኪሙ ተናደድኩ፣ በሁዳዴም ሳይቀር። ከሁሉ የባሰው ግን እውነቷን መሆኑ ነው። አክስቴን ያሳዘንኳት ለሷ ብዬ ሳይሆን ለወረቀቴ ብዬ ነበር፤ ለራሴም ደብቄው ኖሯል።

ጠዋት እንደ ወጉ ትከሻዬ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቅ በሯ ላይ ቆምኩ። ገና ስታየኝ “ጣይው፣ ጣይው! ማይክ የተሸከምሽው ይበቃሻል” አለችና ሳቀች። ከዚያ አስገብታ ቆሎ ሰጠችኝና “ጎንደር አስታማሚዬ አንቺ ነሽ። መቅረጫሽን ግን ለናትሽ ትተሽ ነይ” አለችኝ። እሺ አልኩ። ለመምህሬ ደውዬ ለጊዜው አልቀረጽኩም ስለው ሥራሽ ከግንቦት አጋማሽ ካለፈ ዘንድሮ አትመረቂም አለኝ። እሱንም እሺ አልኩ።

ቀጠሮው ሲደርስ ከደባርቅ በመጣው አውቶቡስ ተሳፈርን። ዳባትን እንዳለፍን አክስቴ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። “ደብተር ይዘሻል?”

“ይዣለሁ።”

“ዜማው ጾም ላይ ነው። ቃሉን ግን መንገር ምን ከለከለኝ? ጻፊ።”

ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ከሚባለው ጀመረች። ዝም ብላ፣ እንደ ወሬ፣ መስኮቱን እያየች።

“እልፍ በይ ሙሽራ በሩ ይከፈት፣
የናትሽ ደጃፍ አይሆን ባዕድ ቤት።”

“እዚህ ‘በሩ’ ላይ ይጎትቱታል” አለች።

“ምን ያህል?”

“ትንፋሽሽ እስኪያልቅ።”

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ አሥራ አንድ ገጽ ሞልቼ ነበር። አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ ፊደሌ የዶሮ ጭረት ሆነ። ከፊታችን የተቀመጡት ሁለት ገበሬዎች ወሬያቸውን አቁመው ያዳምጣሉ፤ አንዱማ እሷ አንድ ስንኝ ስትረሳ ዞር ብሎ ሞላላት። “አይዞሽ፣ ቃሉን ብቻ ነው ያልኩት” አለ፣ ቄስ የያዘው ይመስል።

ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር። ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም፤ በዚያ ቀን ነው በቃሌ የያዝኩት። ስትነቃ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረች፤ ትንፋሽ ብቻ። እጄን ይዛ ሳመችኝ፤ እኔ ላጽናናት ስገባ እሷ አጽናናችኝ።

ሐኪሙ መጥቶ “ጅማቱ አልተቆረጠም፣ ተጎድቷል እንጂ። አሳርፉት፣ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ” አለ። አክስቴ በሹክሹክታ “ለዳግማይ ትንሣኤ ይደርሳል?” አለችው። ትከሻዋን ነካ አድርጎ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ።

አልደረሰም። ፋሲካ አለፈ፣ የሠርጉ ቀን መጣ፤ አክስቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጠባሳዋን በሻሽ ሸፍና በሹክሹክታዋ መጣች። እኔ ከዳሱ ጥግ ማይኮቼን ተክያለሁ። ሴቶቹ ከበሮውን ይዘው ክብ ሠርተው ቆሙ። አውጪ የለም። የሙሽራዋ እናት፣ ያችው ቃል የተገባላት ጎረቤት፣ አክስቴን አየቻት። አክስቴ ሴቶቹን ሰንጥቃ ወደኔ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

“በይ፣ አውጪ” አለች በጆሮዬ።

“እኔ? እትዬ ይሙቱ፣ እኔ አልችልም! መምህራኑ እንኳ…”

“መምህራኑን ማን ጠራቸው? ቃሉን ታውቂዋለሽ። ዜማውን እኔ እይዝሻለሁ።”

በሰው ፊት ክብ መሐል ጎትታ አቆመችኝ። ከኋላዬ ሆና እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፤ ከፍ በይ ስትል ትጫነኛለች፣ ጎትቺው ስትል ትይዘኛለች፣ ተዪ ስትል ትለቀኛለች። “እልፍ በይ ሙሽራ” ብዬ ጀመርኩ። ወይኔ! ከበሮ መቺዋ በሳቅ ምቷን ሳተች፣ ሙሽራዋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፣ አንዲት አሮጊት “ኧረ ይህችን ልጅ ውኃ አጠጧት!” አሉ። ግን ተቀበሉኝ። እንዴት አድርገው ተቀበሉኝ! የኔን የተጣመመ ስንኝ እየተቀበሉ ያቃኑታል። አምስተኛው ላይ እፍረቱ ለቀቀኝ። ሙሽራዋን እኔ ነኝ ዘፍኜ ያስወጣኋት ብል ማን ያምነኛል?

ግንቦት ላይ ቀረጻውን ለመምህሬ አስገባሁ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና “ተቀባዮቹ ድንቅ ናቸው። ቀረጻውም ጥሩ ነው። አውጪዋን ግን ከየት ነው ያመጣሻት?” አለኝ።

“እኔ ነኝ።”

ሳል ያዘው። ከቀረጻው ጋር ያያያዝኩትን ጽሑፍ፣ ጾሙንም ድንጋዩንም ያለውን፣ ሁለት ጊዜ አነበበውና አሳለፈኝ። ተመረቅኩ። እናቴ የምርቃት ፎቶዬን ቀኝ ግድግዳ ላይ ሰቀለች፤ ከሥሩ ሁለት ሬዲዮ ይጠብቀኛል።

ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። ሐምሌ ላይ አገር ስገባ አክስቴ አሁንም በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ሐኪሙ ሰኔ ላይ አይቷት “ድኗል፣ አሁን ተናገሪ” ብሏት ነበር። አንድ ቀን ከብቶቹን ልትጠራ አፏን ስትከፍት የወጣው ድምፅ እንደ ተሰነጠቀ ቅል ነበር አለችኝ ጎረቤቷ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜም አልሞከረችውም። ሰው “እስቲ ተናገሪ” ሲላት እጇን ታወዛውዛለች። ያች ፈቃድ ስለፈለግኩላት የተቆጣችኝ ሴት ፈርታ ነበር፤ እኔም እንዲሁ ልትቀር ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ልጠይቃት ሄድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ላፕቶፔን ስታይ ጠጋ ብላ “ለመምህሮችሽ የወሰድሽውን አሰሚኝ እስቲ” አለች። ዝናቡ ስለሚያውክ ትልቁን የጆሮ ማዳመጫ በሻሿ ላይ አደረግኩላት። ትምህርት ቤት ሁሌ የምንሳሳቅበት ነገር አለ፤ ያንን ማዳመጫ ያደረገ ሰው የራሱን ድምፅ በደንብ ስለማይሰማ ሲያወራ እየጮኸ ነው። በዚያን ሰዓት ግን ትዝም አላለኝ።

ከፈትኩላት። ከበሮውን ስትሰማ ፈገግ አለች። የኔ ድምፅ ሲገባ ፊቷ ተኮማተረ፤ ከንፈሯን መጠጠች፣ ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ “በሩ” የሚለውን ቶሎ ስለቅቀው፣ ጭኗን በመዳፏ መታችና “አይደለም!” አለች።

በድምፅ ነው ያለችው። ክው አልኩ።

እሷ አላወቀችም። ዓይኗን ጨፍና የኔን ስህተት ልታርም ጀመረች። እልፍ በይ ሙሽራ… ድሮ የማውቀው ድምፅ አይደለም፤ ወፈር ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ሻካራ ነው። ግን ቦታው ላይ ነው። “በሩ” ላይ ስትደርስ ጎተተችው፣ ጎተተችው፣ ትንፋሿ እስኪያልቅ። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነቃነቅኩም። ብንቀሳቀስ ታቆማለች ብዬ እንባዬን እንኳ አልጠረግኩም።

ስንኙን ስትጨርስ ከአጥሩ ማዶ፣ በዝናቡ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ተቀበለቻት። አክስቴ ቀጠለች። ተቀባይዋ አሁን ቀረብ ብላ ተቀበለች። ሦስተኛው ላይ በሩ ተከፈተና የሙሽራዋ እናት ገባች፣ ከራስ እስከ እግሯ በስብሳ፣ አፏን በእጇ ይዛ።

አክስቴ ዓይኗን ስትገልጥ ሁለታችንም ስናለቅስ አየችን። ማዳመጫውን አወለቀች። እንደ ለመደችው በሹክሹክታ “ምን ሆናችሁ? ምን ሰማችሁ?” አለች።

“እርስዎን ነዋ እትዬ። እርስዎ እኮ ነዎት የዘፈኑት።”

“እኔ?” አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው።